በ1935 ዌልስ ዝም አላለችም
(በካርዲፍ ለኢትዮጵያውያን የየካቲት 12 መታሰቢያ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ልጆቻችን፤ እንደምን አመሻችሁ።

ኮሚቴው የጋበዘኝ ስለ ሰማዕታቱ እንድናገር ነው። ጸሎቱ ተደርሷል፣ ሻማው በርቷል፣ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ አባቶችም ተናግረዋል። ስለዚህ የተሰጠኝን ጊዜ ላላችሁበት አገር ላውለው። ከየካቲት 12 ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በፈረንጆች 1935፣ ዌልስ እንዴት ያለ ዓመት እንዳሳለፈች ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።

ምክንያቱን አልደብቃችሁም። በየዓመቱ ልጆቻችንን ከፊት አስቀምጠን «ያን ጊዜ ዓለም ሁሉ ዝም አለን» እንላለን። ባለፈው ዓመት እዚሁ ተብሏል፣ ዛሬም ተባለ። ይህ እውነት አይደለም! የካዱን ሰዎች ስም አላቸው፣ ሹመት አላቸው፣ ፊርማቸው በወረቀት ላይ አለ። ያልካዱንም ነበሩ። የእነዚህኞቹ የልጅ ልጆች ዛሬ ከልጆቻችን ጋር አንድ ክፍል ተቀምጠው ይማራሉ፣ እኛ ግን ሁሉንም በአንድ ቃል ጠቅልለን እንረግማለን።

ደቡብ ዌልስ የከሰል አገር ነበረች። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት የብዙ አገር መርከብ በእርሷ ከሰል ይሄድ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ መርከቦቹ ወደ ነዳጅ ዘይት ዞሩ፣ ገበያው ወደቀ፣ ጉድጓዶቹ ተራ በተራ ተዘጉ። በዳውላይስ ከ170 ዓመት በላይ የነደደው የብረት ፋብሪካ በ1930 እሳቱ ጠፋ። በሜርተር ቲድፊል በ1935 ከሠራተኛው ከግማሽ የሚበልጠው ሥራ ፈት ነበር። በሁለቱ ጦርነቶች መካከል ከ400 ሺህ በላይ ሰው ዌልስን ጥሎ ወጣ። ስደት ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ሥራ ያጣ ሰው ከመንግሥት ድጎማ ያገኝ ነበር። ከ1931 ጀምሮ ግን መርማሪ ቤቱ ድረስ እየመጣ የቤተሰቡን ገቢ ሁሉ ይቆጥርበት ጀመር። ልጅ ከሠራ የልጁ ደመወዝ፣ አያት ጡረታ ካላት የአያቲቱ ጡረታ፣ ከአባትየው ድጎማ ላይ ይቀነሳል።

ሜርተር በኖርኩበት ጊዜ ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና አሁን በሕይወት የሉም። በ1935 የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። አባታቸው የከሰል አቧራ ሳንባቸውን የበላው፣ ሥራም ያጡ ሰው ናቸው። ታላቅ ወንድማቸው ወተት በጋሪ እያደለ ጥቂት ሽልንግ ያመጣል። መርማሪው መጣና የልጁን ደመወዝ መዘገበ፣ የአባትየውም ድጎማ ተቆረጠ። ያን ጊዜ ልጁ «ከቤት ወጥቷል» ተብሎ አክስቱ ዘንድ ማደር ጀመረ። ማታ ማታ በጓሮ በር ገብቶ እራቱን ይበላል፣ ሳይነጋ ይሄዳል። መርማሪው ድንገት ከደረሰ እንዳያየው እናቱ ጫማውን የከሰል ማስቀመጫው ውስጥ ትቀብረዋለች። ትንሿን ልጅ ደግሞ «ወንድምሽ የት ነው?» ብለው ሲጠይቋት «እዚህ አይኖርም» እንድትል አስጠንታታለች። አሮጊቷ ይህን ሲነግሩኝ ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። «እናቴ ጸሎት ቤት ወስዳ አትዋሺ ታስተምረኛለች፣ ቤት መልሳ ወንድሜን ታስክደኛለች» አሉኝ። ከሰባ ዓመት በኋላ እንኳ ቁጣው ከፊታቸው አልጠፋም።

በጃንዋሪ 1935 መንግሥት ድጎማውን ወደ አዲስ ቦርድ አዛውሮ አዲስ ተመን አወጣ። የብዙ ቤተሰብ ድጎማ ከነበረውም ወረደ። የከሰል ሸለቆዎቹ ሰው መታገሥ የቻለው እስከዚያ ድረስ ነበር። እሑድ ፌብሩዋሪ 3 ቀን የጸሎት ቤቱ ምእመን፣ የማዕድን ሠራተኛው፣ ባለ ሱቁ፣ መምህሩ፣ ልጅ ያዘለችው እናት፣ ሁሉም በአንድነት መንገድ ላይ ወጡ። የታሪክ ጸሐፊዎች በዚያ ዕለት በደቡብ ዌልስ የተሰለፈውን ሕዝብ 300 ሺህ ያህል ያደርሱታል። የመላው ዌልስ ሕዝብ ያን ጊዜ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ገደማ እንደነበር አስቡ። በሮንዳ ሸለቆ ብቻ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ወደ ቶኒፓንዲ ከተማ ወረደ።

በማግስቱ ሰኞ የሜርተር ሴቶች ወደ ቦርዱ ቢሮ ዘመቱ። መስኮቱን ሰባበሩ፣ ገብተው መዝገቡን አወጡ፣ አቃጠሉት። ያ መዝገብ የሰው ወንበር የተቆጠረበት፣ የልጅ ሽልንግ የተጻፈበት ነው። የጎረቤቴ እናት ከዚያ መካከል ነበሩ። ማታ ሲመለሱ የተቆረጠ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠቅልለው፣ ጸጉራቸው ላይ የተቃጠለ ወረቀት አመድ ይዘው ነበር። በዚያች ሌሊት ወንድምየው በፊት ለፊት በር ገባ፤ «እናቴ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችለት» ብለውኛል አሮጊቷ።

ማክሰኞ ዕለት የሥራ ሚኒስትሩ ኦሊቨር ስታንሊ ፓርላማ ቀርበው አዲሱ ተመን መታገዱን ተናገሩ። እነዚያ ሴቶች የለንደንን መንግሥት አንበረከኩት!

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ። ድጎማው ሲቆረጥና ሕዝቡ ሲሰለፍ ሌላ ሥራም እየተሠራ ነበር። ከ1934 መጨረሻ እስከ 1935 ሰኔ ድረስ በመላው ብሪታንያ በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየዞሩ የሰላም ድምፅ የተባለውን ይሰበስቡ ነበር። ሥራው በተጀመረ በጥቂት ሳምንት ጣሊያን ወልወል ላይ ተኮሰችብን። ከጥያቄዎቹ የመጨረሻው እንዲህ የሚል ነበር፦ አንድ አገር ሌላውን ልውረር ቢል ሌሎቹ መንግሥታት ተባብረው በኢኮኖሚ፣ ካስፈለገም በጦር፣ ሊያስቆሙት ይገባል ወይ?

በመላው አገሪቱ 11 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሰው ድምፅ ሰጠ፤ ከአዋቂው ሕዝብ 38 በመቶ ያህል ማለት ነው። በዌልስ ግን ከ60 በመቶ በላይ! ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው። የሚበዛው ሰው በወራሪው ላይ ማዕቀብ ይጣል የሚለውን «አዎ» ብሎ መለሰ። መርማሪ ያንኳኳባቸው በሮች እነዚህ ናቸው። በጎ ፈቃደኛው ወረቀቱን ይዞ ሲያንኳኳ ከፈቱለት፣ ስለማያውቁት አገር ሕዝብ አሰቡ፣ ፈረሙ።

ከዚያስ ምን ሆነ? የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳሙኤል ሆር የመንግሥታቱ ማኅበር ወዳለበት ጄኔቭ ሄደው ብሪታንያ ወረራን በጽናት ትቃወማለች ብለው ተናገሩ። ቀኑ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ በእኛ የ1928 ዘመን መለወጫ ዋዜማ። አዲስ አበባ ችቦዋን የምታበራው በዚህ ቃል ተስፋ አድርጋ ነበር። መስከረም 22 የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። በኖቬምበር ማዕቀብ ተጣለ፣ ነዳጅ ግን አልተካተተም፣ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። የሙሶሊኒ መርከቦች ወታደሩንና ጥይቱን ጭነው እንግሊዝ በምትቆጣጠረው በር እየከፈሉ አለፉ። በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትሩ የቦልድዊን መንግሥት «ከመንግሥታቱ ማኅበር ጎን ነን» ብሎ ምርጫ አሸነፈ። ወር ሳይሞላ ሆር ከፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ጋር ፓሪስ ተቀምጠው አገራችንን ለወራሪዋ ሊሸነሽኑ ተስማሙ! የብሪታንያ ሕዝብ ሲሰማ ተነሣ፣ በዲሴምበር 18 ሆር ከሥልጣን ወረዱ። ያወረዳቸው ያው «ዝም አለን» የምንለው ሕዝብ ነው።

ዋጋውን ማን ከፈለ? ጣሊያን የዌልስ ከሰል ትልቅ ደንበኛ ነበረች። የጣሊያን ባቡሮች በዚህ ከሰል ይሄዱ እንደነበርም ልደብቃችሁ አልፈልግም። ማዕቀቡ ሲመጣ ያ ገበያ ተቋረጠ፣ ጀርመንም ወሰደችው። ዘይት ሻጩ ትርፉን ሲያፍስ የዌልስ የማዕድን ሠራተኛ እንጀራውን አጣ። አዳራሹ ውስጥ ያላችሁ ወጣቶች ይህን ጻፉልኝ!

ዌልስን ጻድቅ ለማድረግ አልመጣሁም። በዚያው ዓመት መርከቦችን ለመደጎም የወጣው ሕግ እዚሁ ካርዲፍ፣ በወደቡ ሰፈር በቡትታውን፣ የሶማሌ፣ የየመንና የምዕራብ አፍሪካ መርከበኞችን የብሪታንያ ዜጋ ሆነው ሳለ እንደ ባዕድ ከሥራ አስወጥቷቸዋል። ይህም ለልጆቻችን ይነገር።

በኦክቶበር የናይን ማይል ፖይንት የከሰል ጉድጓድ ሠራተኞች ኩባንያው ያመጣባቸውን ማኅበር አንቀበልም ብለው ለአንድ ሳምንት ያህል ከመሬት በታች እንደቆዩ፣ ሆር በወረዱ በሦስተኛው ቀን ዌልስ እዚሁ ካርዲፍ ኒውዚላንድን በራግቢ 13 ለ12 እንዳሸነፈች፣ ሰዉም ከስንት ዓመት በኋላ በደስታ እንዳለቀሰ በዝርዝር ባወራችሁ ደስ ባለኝ። በዚያው ሰሞን ተከዜ ላይ በራስ እምሩ ጦር የመርዝ ጋዝ ዘነበ። ጊዜዬ አልቋል።

ለኮሚቴው ሁለት ጥያቄ አለኝ። ከመጪው ዓመት ጀምሮ «ዓለም ሁሉ» የሚለው ከፕሮግራሙ ይውጣና ሆር፣ ላቫል፣ ቦልድዊን ተብለው በስማቸው ይጠሩ። በዚህ አዳራሽም የሜርተርና የሮንዳ ሰዎች በክብር እንግድነት ይጋበዙ፣ ልጆቻችንም የፌብሩዋሪ 4ቱን ሴቶች ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያንብቡላቸው። ጽሑፉን እኔ አዘጋጃለሁ። መልሱን ዛሬ ማታ፣ ከመበተናችን በፊት፣ በሕዝቡ ፊት እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።