ቴሌቪዥኑን አታጥፉት

እንደምን ዋላችሁ።

ንግግር አድርጊ ስባል «ስለ ምን?» ብዬ ጠየቅኩ። «ስለ እናትሽ ሕመም» አሉኝ። ስለ ሕመሙ ግን ከእኔ በፊት ሐኪሞቹ ተናግረዋል፣ በደንብም ተናግረዋል። እኔ ማውራት የምፈልገው ስለ ቴሌቪዥን ነው። ስለ ድራማ፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ሠርግ፣ ትንሽም ስለ ሐሜት። ካንሰር የገባበት ቤት ውስጥ ያለ ሰው ለምን መሳቅ እንደሚፈራ ነው የማወራው።

እማዬ የጡት ካንሰር እንዳለባት የታወቀ ሰሞን ቤታችን ሰው በሰው ሆነ። ዘመድ መጣ፣ የዕድር ሰው መጣ፣ የማኅበር ጓደኞቿ መጡ፣ ሙዝና ብርቱካን በፌስታል በፌስታል ተደረደረ። ደስ ይላል፣ አልክድም። ታዲያ ከመጡት አንዱ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሁላችንም የምናከብራቸው፣ ገና ከመቀመጣቸው ሪሞቱን አነሱና ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ማንም ምንም አላለም። እኛ አገር ቴሌቪዥን በእንዲህ ዓይነት ሁኔታ የሚጠፋው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰው ሲሞት ነው። ጎረቤት ለቅሶ ካለ እንኳ የእኛ ሬዲዮ አይከፈትም። ሰዎቹ ነጠላቸውን አላዘቀዘቁም እንጂ ድምፃቸው የለቅሶ ቤት ድምፅ ነበር፣ አቀማመጣቸውም እንደዚያው። መሐላቸው እማዬ ተቀምጣለች። በሕይወት አለች፣ ቁጭ ብላ ታያቸዋለች፣ «ቡና ሳትጠጡማ አትሄዱም» ትላለች። የራሷን ለቅሶ ራሷ ታስተናግዳለች በሉት።

ዛሬ የማወራው ይኼንኑ ነው። ሰው ሳይሞት ለቅሶ አንቀመጥ። አታልቅሱ አላልኩም። እኛም አልቅሰናል፣ ሽንት ቤት ገብተን ውሃውን ከፍተን አልቅሰናል። ግን የጡት ካንሰር ሕክምና ረጅም ነው። ቀዶ ሕክምና አለ፣ ኬሞ የሚሉት የካንሰር መድኃኒት አለ፣ ጨረር አለ፣ ከዚያ ደግሞ ለዓመታት የሚዋጥ ኪኒን አለ። ይህን ሁሉ ጊዜ ቴሌቪዥን አጥፍቶ፣ ድምፅ ዝቅ አድርጎ፣ ልጆች እንዳይስቁ እየገላመጡ መኖር አይቻልም። ቢቻልስ ማን ይጠቀማል?

እማዬ የድራማ ሰው ናት። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር፣ የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማሳየቱን ተከትሎ ያልተባለ ነገር የለም። ባህል ጠፋ ተባለ፣ ልጆች የቤት ሥራ አቆሙ ተባለ፣ ወጥ አረረ ተባለ። ወጡስ እውነት ነው፣ እኛ ቤት አርሯል። እኔ ለራሴ ድራማ ብዙም አይሆንልኝም፣ ገና ሲጀምር መጨረሻው ይታወቀኛል። እማዬ ከታመመች በኋላ ግን አጠገቧ ተቀምጬ ማየት ጀመርኩ። ያኔ ነው ጥቅሙ የገባኝ።

የታመመ ሰው ያለበት ቤት ጥያቄው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ምን በላሽ? አስመለሰሽ? ወረደልሽ? ውጤቱ መጣ? ቀጠሮው መቼ ነው? ጠዋት ይህ፣ ማታም ይህ። ድራማው ሲከፈት ግን «ይቺ ልጅ እውነት ልታገባው ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ትጨቃጨቃላችሁ። እማዬ ከእህቷ ጋር ስለ አንድ ተንኮለኛ አማት ተከራክራ ሊኳረፉ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ለዚያች ሰዓት እናቴ በሽተኛ አልነበረችም፣ በሰው ትዳር የምትገባ ሴት ነበረች። ደግሞ የድራማው ክፍል ሁልጊዜ ልብ አንጠልጥሎ ነው የሚያልቀው። «ነገስ ምን ይሆን?» ስትል ስለ ራሷ ነገ እየጠየቀች አይደለም፣ ለአንድ ማታም ቢሆን።

መብራት የጠፋ ቀንስ? ወንድሜ ያለችውን ዳታ አሟጦ በስልኩ ይከፍትላታል፣ ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን እናያለን። ቤት ውስጥ መጨቃጨቅ የማይቀርበት ሌላው ጉዳይ ይኼ ዳታ ነበር።

ስለ ኬሞ ቀን ላውራችሁ። ከምትወስዳቸው መድኃኒቶች አንዱ ዶክሶሩቢሲን ይባላል፣ ቀይ ነው፣ ደማቅ ቀይ። ከወሰዱት በኋላ ሽንትም ይቀላል፣ አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው በድንጋጤ ክው ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጣት ቀን ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ፀጥ ብሏል። እማዬ ቀና ብላ አየችውና «ዛሬስ ስልስ ነው የሰጣችሁኝ፣ ፓስታው የታለ?» አለች። አጠገቧ ያለችው ሴትዮ መድኃኒት የተሰካበትን እጇን በሌላው እጇ ደግፋ ሳቀች። ሲስተሯም ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ደራ፣ አንዷ ስለ ምራቷ፣ አንዷ ስለ ቤት ኪራይ፣ አንዷ ስለ ታክሲ ረዳት። ሰዓቱ ሄደ። ከበር ላይ የነበሩ አስታማሚዎች ግን ገልመጥ ገልመጥ አደረጉን። ምን ያስቃቸዋል እንደማለት።

አሁን አንድ የሚጠቅም ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም መዝናናትም ፕሮግራም ይፈልጋል። የእማዬ ዓይነቱ ኬሞ በየ21 ቀኑ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና ድካም ነው። ከዚያ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን አካባቢ ነጭ የደም ሴል ዝቅ የሚልበት ጊዜ ነው። ሰውነት ኢንፌክሽን መከላከል ያቅተዋል። ያን ጊዜ ሰው የተጨናነቀበት ቦታ አይወስዷትም፣ ጉንፋን የያዘውን ጠያቂ በትሕትና በስልክ ያደርጉታል፣ ክትፎና ጥሬ ሥጋ ወደ ቤት አይገባም። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ሌሊትም ይሁን በዓልም ይሁን ሆስፒታል ነው፣ «ይነጋል» የሚባል ነገር የለም። ሦስተኛው ሳምንት ግን የእሷ ነው። እኛ የካላንደሩን ሦስተኛ ሳምንት በእስክሪብቶ ከበን ደስታ የሚባለውን ሁሉ እዚያ ውስጥ አጨቅነው። የአክስቴ ልጅ ሠርግ በዚያ ሳምንት ዋለ። ሐኪሟን ጠየቅን፣ ደሟ ታየ፣ «ትሂድ» ተባለ። ሄደች። ዳር ላይ፣ አየር ያለበት ቦታ አስቀመጥናት። እስክስታው ሲጀመር ማን ይያዛት! ትከሻዋን ብቻ፣ ተቀምጣ፣ ግን ወረደችው። ከኋላዋ የነበሩ ሁለት ሴቶች ምን እንዳሉ ሰምቻለሁ፣ «ካንሰር ነው ያሏት እሷ አይደለችም እንዴ?» ነው የሚሉት። በሽተኛ በሽተኛ ካልመሰለ የሚከፋው ሰው አለ፣ ምን ይደረጋል።

ወጥ ቤቱም ይለወጣል። ቡና ነፍሷ ነው፣ ግን ሲቆላ ሽታውን መቋቋም አቃታት። ቁሌቱም እንደዚያው። ጎረቤታችን ቡናውን በራሷ ቤት ቆልታና አፍልታ ጀበናውን በአቦል ሰዓት ይዛ ትመጣ ጀመር። ቡና መጠጣቱ ቀርቶባት ጨዋታው ግን አልቀረባትም። አፍ ብረት ብረት ስለሚላት «የብረት ማንኪያ ተዉ» የሚል ምክር ሰጥተውናል፣ ጥሩ ምክር ነው፣ ግን እኛ በእጃችን ነው የምንበላው። ያ ምክር ለሾርባ ብቻ ሠራ።

ፀጉሯ መርገፍ የጀመረው ከመጀመሪያው ኬሞ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ነው። ትራሱ ላይ፣ ነጠላው ላይ፣ ወጡ ውስጥ። አንድ ጠዋት «በቃ ይላጭ» አለች። ማን ይላጨው? ለበዓል ለበዓል ሹሩባ የምትሠራትን ሴት አስጠራች። ሴትዮዋ መጣች፣ ምላጭና ማበጠሪያ ይዛ፣ ማበጠሪያውን ለምን እንደያዘች እኔ እንጃ፣ ከልማድ ይሆናል። እማዬን ወለል ላይ ትንሿ ዱካ ላይ አስቀመጠቻት፣ እንደ ሁልጊዜው ጉልበቶቿ መሐል። እማዬም እንደ ሁልጊዜው «አታጥብቂብኝ፣ ራሴን ያመኛል» አለቻት። ያኔ አክስቴ ጩኸቷን ለቀቀችው። እሷም አይፈረድባትም፣ በእኛ አገር ሴት ፀጉሯን የምትላጨው በሐዘን ነው፣ ባሏን ወይ ልጇን የቀበረች ናት እንዲያ የምታደርገው። እማዬ ግማሽ ራሷ ተላጭቶ፣ ግማሹ ሳይላጭ፣ ዞር አለችና «ማን ሞቶብኝ ነው? ይልቅ ተነሺና ቴሌቪዥኑን ክፈቺው» አለቻት። አክስቴ ንፍጧን እየጠረገች ከፈተች። ማስታወቂያ ነበር፣ የሳሙና።

ወደ ወጣቶቹ ልምጣ፣ ምክንያቱም እናንተ ላይ ነው ጫናው የሚከብደው። ወንድሜ የአርሰናል ደጋፊ ነው። ቅዳሜ ዲኤስቲቪ ቤት ሄዶ ኳስ ካላየ ሳምንቱ አያልፍለትም። እናቱ ታማ ኳስ ቤት ታየ ተብሎ ዘመድ ተሰብስቦ መከረበት። «ልብ የለውም» አሉት። ልጁ ሌሊት ሌሊት ከእሷ ጋር የሚያድረው፣ ወረፋ ሊይዝ ሳይነጋ የሚወጣው፣ መድኃኒት ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚያስሰው እሱ ነው። ይህን ማንም አላየም፣ ኳስ ቤት ሲገባ ግን ሁሉም አየው። እማዬ ስትሰማ አስጠራችውና «ማን አሸነፈ?» አለችው። ተሸንፈው ነበር። «እኔስ የያዘኝ መድኃኒት አለው፣ ያንተው ነው የከፋው» አለችው። ከዚያ በኋላ ማታ ሲመጣ ጨዋታውን እየተነተነ መንገር ግዴታው ሆነ፣ የተጫዋቾቹን ስም እንዳመጣላት እየጠራች አብራው ትበሳጫለች።

እናንተም ፊልም ግቡ፣ ኳስ እዩ፣ ቲክቶክ ላይ የሚያስቅ ነገር ካያችሁ ሳቁ። የምረቃ ቀናችሁ ከደረሰ ፎቶ ተነሱ፣ እናታችሁ ያንን ፎቶ ትፈልገዋለች። ለሊቱን ሙሉ ያስታመመ ልጅ ቀን ሁለት ሰዓት ከቤት ካልወጣ በሳምንቱ ራሱ ይታመማል፣ ወይም ደግሞ ይነጫነጫል፣ ንጭንጩ ደግሞ የሚያርፈው በሽተኛዋ ላይ ነው።

የምደብቀውም ነገር የለም፣ ይህ ሁሉ የሆነው እማዬ በሽታዋን ስለምታውቅ ነው። ብዙ ቤተሰብ ሐኪሙን በር ላይ ይዞ «ለእሷ እንዳትነግራት፣ ትደነግጣለች» ይላል። የመርዶ ልማዳችን ነው፣ ክፉ ነገር ለባለቤቱ በመጨረሻ ነው የሚነገረው። ሰውየው ግን ያውቃል። ከጎኑ ያለው አልጋ ላይ ያለው በሽተኛ ይነግረዋል፣ ካርዱ ላይ ያነበዋል፣ ከፊታችሁ ላይ ያነበዋል። ከዚያ እሱም አላወቅኩም ብሎ ያስመስላል፣ እናንተም ታስመስላላችሁ። እንዲህ በሆነበት ቤት ቀልድ የለም፣ ማንም የቱ ቃል እንደሚያፈነዳው አያውቅማ።

ዱባይ ያለችው እህቴ በኢሞ በደወለች ቁጥር ታለቅስ ነበር። ርቀቱ ነው፣ አይታ አትረጋጋ፣ መጥታ አታስታምም፣ ብሩን ግን የምትልከው እሷ ናት። እማዬ አንድ ቀን «እኔን አትይኝ፣ የተቀጠርሽበትን ቤት አሳይኝ፣ ገበያውን አሳይኝ» አለቻት። ከዚያ በኋላ እህቴ በዕረፍት ቀኗ ስልኳን ይዛ የገበያ ማዕከል ትዞራለች፣ እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና ዋጋ ትጠይቃለች፣ «ውድ ነው፣ ተይው» ትላለች።

ሳቅ ካንሰር ያድናል አላልኩም። እንዲህ የሚሏችሁን አትስሟቸው። እናቴን ያከማት ቀዶ ሕክምናውና መድኃኒቱ ነው፣ ዛሬም ያንን ለዓመታት የሚዋጠውን ኪኒን፣ ታሞክሲፊን የሚባለውን፣ በየቀኑ ትውጣለች፣ ለክትትል ትሄዳለች። በዚያ በስልሱ የሳቀችው ሴትዮ ከእማዬ የበለጠ ተጫዋች ነበረች፣ አርፋለች። ጸበሉንም ጸሎቱንም እኛ አልተውንም፣ ከሕክምናው ጋር ሁለቱንም ይዘናል። ጨዋታው ያስረዘመው ዕድሜ ይኑር አይኑር ለሐኪም የሚተው ነው። እኔ የማውቀው ቀኖቹ ቀን እንደመሰሉ ነው።

ጠያቂዎች፣ እናንተን አንድ ልለምናችሁ። ደውላችሁ ሂዱ። ብዙ አትቀመጡ። «የእኔም አክስት በዚሁ ነው የሞተችው» አትበሉ፣ ይህን የሚል ሰው በየቤቱ አንድ አይጠፋም። ወሬ ይዛችሁ ሂዱ፣ ማን አገባ፣ ማን ተጣላ፣ ጤፍ ስንት ገባ።

የመጨረሻው ጉዳዬ የመጣሁበት ነው። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ዛሬ እንደ ጅማ ያሉ የክልል ሆስፒታሎች ጀምረዋል፣ ሆኖም አዲስ አበባ መጥቶ ለሳምንታት የሚቀመጥ ታካሚ አሁንም ብዙ ነው። እኛ ጠያቂ በዛ እያልን ስናማርር እነሱ ጋ የሚመጣ የለም። ቋንቋውም ሌላ ይሆናል፣ ክፍሉ ውስጥ ቴሌቪዥን ካለም የማይገባቸውን ነው የሚያዩት። እና ጥቂት ሰዎች ሆነን የማይጠቀምበትን ስልክ የሚሰጠን ሰው እየፈለግን ነው፣ ስክሪኑ ቢሰነጠቅም ግድ የለም፣ ድራማ፣ ቀልድ፣ መዝሙር፣ መንዙማ ጭነንበት ከጆሮ ማዳመጫ ጋር እናውሳቸዋለን። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ትግርኛ፣ ሲዳምኛ የምትችሉ ደግሞ ከስልኩም በላይ እናንተን እንፈልጋለን፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት ሄዶ የሚያጫውት። በር ላይ ደብተር የያዘች ልጅ አለች፣ ስትወጡ ስማችሁን አስመዝግቡ።

አመሰግናለሁ።