ለቆዩ ስፒከሮች የትኛው አምፕሊፋየር ይሻላል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ስለ ቆዩ የሙዚቃ መሣሪያዎች ባወራንበት ዝግጅት ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። በአየር ሰዓቱ በችኮላ ያለፍኳቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰፋ አድርጌ መልሻቸዋለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ «አባቴ ሙዚቃ የሚሰሙባቸው የነበሩ ኤአር-3ኤ ስፒከሮች ለእኔ ደርሰውኛል። ቴሌቪዥኑ ጋ ካለው ሪሲቨር ጋር አገናኘኋቸው። ድምጹን ትንሽ ከፍ ሳደርግ ሪሲቨሩ ይግልና ይጠፋል። ስፒከሮቹ ተበላሽተው ነው?»

እህቴ፣ እባክዎ እንዳይጥሏቸው! ኤአር-3ኤ እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣ፣ በዘመኑ ከነበሩት ምርጥ ስፒከሮች አንዱ ነው። ከሱ በፊት የነበረው ኤአር-3 እንዲያውም እዚያው አጠገብዎ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ገብቷል።

እንደነገሩኝ ከሆነ ችግሩ ያለው ሪሲቨሩ ጋ ይመስለኛል። የእርስዎ ስፒከሮች 4 ኦም ናቸው፤ ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ መለኪያ ነው። የቴሌቪዥን ሪሲቨሮች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለ6 እና ለ8 ኦም የተሠሩ ናቸው። ኦሙ በግማሽ ሲቀንስ ስፒከሩ የሚስበው ከረንት እጥፍ ይሆናል። ሪሲቨሩ ያን ያህል መስጠት ሲያቅተው ይግላል፤ ከዚያ ራሱን ለማዳን ይጠፋል።

ሌላም ነገር አለ። የኤአር-3ኤ ሳጥን ምንም ቀዳዳ የለውም፤ ዙሪያውን የታሸገ ነው። ከዚያ መጠን ካለው ሳጥን ያን የመሰለ ወፍራም ባስ የሚወጣውም በዚህ ምክንያት ነው። ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ስፒከሩ ዋት ይበላል። ስለዚህ ባለ ሁለት ቻናል የስቴሪዮ አምፕሊፋየር ይፈልጉ። አምራቹ በ8 ኦም ብቻ ሳይሆን በ4 ኦምም ስንት ዋት እንደሚሰጥ የጻፈበት ይሁን። በ8 ኦም 80፣ በ4 ኦም ደግሞ 130 ወይም 140 የሚል ካገኙ ጥሩ ምልክት ነው። የ4 ኦሙ ቁጥር ጭራሽ ካልተጻፈ ይለፉት።

አንዳንድ ሪሲቨር ከጀርባው 4 ኦም የሚል ማብሪያ አለው። እሱን ብጫንስ የሚል ይኖራል። ሙቀቱ ሊቀንስ ይችላል፤ ግን ብዙውን ጊዜ የሚቀንሰው ጉልበቱን በመቆጠብ ነው። እነዚህ ስፒከሮች ደግሞ የሚፈልጉት ጉልበቱን ነው።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሁለት ነገር ይዩልኝ። አንደኛ፣ የወፈሩ (ወፍራሙን ድምጽ የሚያወጣው ትልቁ ክብ) ዙሪያ ፎም ከሆነ በጣት ቀስ ብለው ይንኩት። ከፈረፈረ መቀየር አለበት፤ ፎም ከ15 እና 20 ዓመት በላይ እምብዛም አይቆይም። ሁለተኛ፣ ከጀርባ ሁለት ማስተካከያዎች አሉ፤ አንዱ ለመካከለኛው፣ አንዱ ለቀጭኑ ድምጽ። ውስጣቸው ይዝጋል። ስንት ሰው ቱዊተሩ (ቀጭኑን ድምጽ የሚያወጣው) ሞቷል ብሎ ተስፋ ቆርጦ ጥፋቱ እዚያች ማስተካከያ ላይ ሆኖ ተገኝቷል! ድምጹን ዝቅ አድርገው ወዲያና ወዲህ ያዙሯቸው። ቀጭኑ ድምጽ ብቅ ጥልቅ ካለ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ከአዲስ አበባ፣ ጉለሌ፦ «ስፒከሬ 60 ዋት ይላል። 100 ዋት አምፕሊፋየር ያቃጥልብሃል አሉኝ። ባለ 30 ልግዛ?»

ይህን ምክር ስሰማ ስንት የተቃጠለ ቱዊተር ትዝ ይለኛል። ወንድሜ፣ ባለ 30ው ደካማ ስለሆነ ብቻ ደህና ነው ማለት አይደለም። ሞቅ ያለ ነገር ሲፈልጉ ድምጹን እስከ መጨረሻው ይለቁታል። አምፕሊፋየሩ አቅሙ ያልቅና የሞገዱን ጫፍ ጫፍ ይቆርጠዋል። ያ የተቆረጠ ሞገድ በቀጭን ድምጽ የተሞላ ነው፤ ሄዶ የሚያርፈውም ቱዊተሩ ላይ ነው። ቱዊተር ደግሞ ብዙ ዋት አይችልም።

በተራ ሳሎን፣ ሰው እየተጫወተ በሚሰማው ድምጽ፣ ስፒከሩ የሚወስደው አንድ ሁለት ዋት ነው። ቀሪው የሚያስፈልገው ከበሮው ሲመታ ለምትመጣው ቅጽበት ነው። ባለ 100ውን ይግዙና ጆሮዎን ያዳምጡ። ድምጹ መሻከር ሲጀምር ዝቅ ያድርጉ። እና በ30 እና በ60 ዋት መካከል ያለው ልዩነት 3 ዴሲቤል (የድምጽ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ነው፤ ለጆሮ ትንሽ ነው። ድምጹ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማዎት ዋቱ አሥር እጥፍ መሆን አለበት።

ከለንደን፦ «ባለ 15 ኦም ኤልኤስ3/5ኤ አለኝ። 8 ዋት ባለ ቫልቭ (የድሮው የመስታወት ቱቦ) አምፕሊፋየር ይበቃዋል?»

ይህች ትንሽ ስፒከር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቢቢሲ ለስርጭት መኪኖችና ለጠባብ ክፍሎች ያዘጋጃት ናት። የሰው ድምጽ ላይ እስካሁን የሚያስንቃት አላየሁም። ግን በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት የምታወጣው ወደ 82 ዴሲቤል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ የሚሠራው ክሊፕሽሆርን የተባለው ትልቅ ስፒከር ከ100 ዴሲቤል በላይ ያወጣል። እሱ በ1 ዋት የሚሰጠውን ድምጽ ከርስዎ ስፒከር ልጠይቅ ካሉ ከ50 ዋት በላይ ያስፈልጋል። እሷ ደግሞ የምትችለው 25 ዋት ያህል ሙዚቃ ነው።

ስለዚህ 8 ዋቱ ማታ ብቻዎን ቀረብ ብለው ክራር ለመስማት ይሆናል። የናስ መሣሪያና ከበሮ ያለበት ባንድ ሲመጣ ግን ይደክማል። ከ20 እስከ 40 ዋት ያለው፣ 16 ኦም የሚል ማገናኛ ያለው ቫልቭ ቢያገኙ እኔ ሳላመነታ እሱን እወስዳለሁ። ትራንዚስተር ከመረጡም ይሠራል፤ ነገር ግን በ8 ኦም 50 ዋት የሚለው በ15 ኦም ወደ 27 እንደሚወርድ ይወቁ።

ከአዲስ አበባ፣ ሳሪስ፦ «ስፒከሮቼ ላይ የነበረው ጽሑፍ ጠፍቷል። ወንድሜ ደግሞ ከአሜሪካ አምፕሊፋየር ልኮልኛል። እንዴት ላገናኛቸው?»

ሶኬቱ ላይ እንዳይሰኩት! በመጀመሪያ የአምፕሊፋየሩን ጀርባ ያንብቡ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ 220 ወዲያው ያቃጥለዋል። ከ220 ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር ይግዙ፤ ጀርባው ላይ ከተጻፈው ዋት በደንብ የሚበልጥ ይሁን። ስታቢላይዘር ያለው ሰው ይበቃኛል ይላል፤ 220ውን ያረጋጋል እንጂ ወደ 110 አያወርደውም። ጽሑፉ 60 ኸርዝ ብቻ ካለ ደግሞ እዚህ ባለው 50 ኸርዝ የውስጡ ትራንስፎርመር ከተለመደው በላይ ሊግል ይችላል። የመጀመሪያውን ሰዓት አጠገቡ ይሁኑ፤ በእጅ የማይነካ ከሆነ ያጥፉት።

ለስፒከሮቹ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይዋሱ። ስፒከሩን ከአምፕሊፋየሩ ነቅለው ሁለቱን ጫፍ በኦም ይለኩ። ከ5 ተኩል እስከ 7 ካሳየ 8 ኦም ነው። 3 አካባቢ ከሆነ 4 ኦም ነው። ምንም ካላሳየ ወይ ሽቦው ተበጥሷል፣ ወይ ወፈሩ ተቃጥሏል። ሁለቱም ስፒከሮች ተቀራራቢ ቁጥር ማሳየት አለባቸው፤ በጣም ከተለያዩ ከማገናኘትዎ በፊት ባለሙያ ይክፈታቸው።