ኦክስጅን ሴንሰር ሲከሰስ

ክቡራን የጋራዥ ባለቤቶች፣ የሙያ አጋሮቼ፣ ውድ ሠልጣኞች፤

በየጋራዣችን ተፈትተው ከሚጣሉት ኦክስጅን ሴንሰሮች ብዙዎቹ ያለ ጥፋታቸው የሚጣሉ ናቸው ብዬ አምናለሁ። የቼክ ኢንጂን መብራት ይበራል፤ ስካነር ይሰካል፤ የሴንሰሩን ስም የያዘ የብልሽት ኮድ ይወጣል፤ ባለመኪናው አዲስ እንዲገዛ ወደ መለዋወጫ ገበያው ወደ ሶማሌ ተራ ይላካል። ብዙም ሳይቆይ መብራቱ እንደገና ይበራል።

ይህ ሴንሰር የሚለካው በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ነው። ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሠራው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ለአሜሪካ ገበያ በተዘጋጁ የቮልቮ መኪኖች ላይ ተገጥሞ ሥራ ጀመረ። ዋናው ክፍሉ በሁለቱም ፊቱ በስሱ ፕላቲነም የተለበጠ የዚርኮኒያ ሴራሚክ ነው፤ አንዱ ፊት ጭሱን፣ ሌላው ከውጭ የሚገባውን ንጹሕ አየር ይነካል። ሴራሚኩ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል የኦክስጅን አዮኖችን ማሳለፍ ስለሚጀምር፣ በሁለቱ ወገን ያለው የኦክስጅን መጠን በተራራቀ ቁጥር የሚፈጠረው ቮልቴጅ ከፍ ይላል። ቤንዚን ሲበዛ ወደ 0.9 ቮልት ይወጣል፤ አየር ሲበዛ ወደ 0.1 ይወርዳል። የሞተሩ ኮምፒዩተርም ይህን ተከትሎ ቤንዚን የሚረጨውን የኢንጀክተሩን መርጫ ጊዜ ያሳጥራል ወይም ያስረዝማል፤ የሚፈልገውም ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር የሚደርስበትን ሚዛን ነው። አየሩ በሳሳበት በአዲስ አበባ ከፍታ የካርቡራተር መኪና ቤንዚን ሲያበዛ፣ ሴንሰር ያለው መኪና ራሱን የሚያርመው በዚሁ መንገድ ነው። (በበርካታ የቶዮታ ሞዴሎች ላይ ከካታሊስቱ፣ ማለትም ጭሱን ከሚያጣራው ክፍል፣ በፊት ያለው ሴንሰር ግን ሌላ ዓይነት በመሆኑ፣ እርሱን በ0.1 እና በ0.9 ቮልት መመዘን ስሕተት ነው።)

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሴንሰሩ የሚያውቀው ኦክስጅንን እንጂ የኦክስጅኑን ምንጭ አይደለም። ከሴንሰሩ በፊት የጭስ ቱቦው ቢሰነጠቅ የውጭ አየር ይገባል፤ ሴንሰሩም «አየር በዝቷል» ይላል፤ ኮምፒዩተሩ አምኖት ቤንዚን ይጨምራል። አንድ ካንዴላ ካላቀጣጠለም ቤንዚኑ ካልነደደው ኦክስጅን ጋር አብሮ ስለሚወጣ፣ ጭሱ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ ሴንሰሩ የአየር ብዛት ይመዘግባል። በሁለቱም ጊዜ ሴንሰሩ ያየውን በትክክል ተናግሯል፤ አዲስ ቢገጠምም የሚናገረው ያንኑ ነው።

በእርግጥ የሚሞትም ሴንሰር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜም ገዳዩ ሞተሩ ውስጥ ነው። የቴስታታ ጋስኬት (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ሲያሳልፍ ከራዲያተር ፈሳሽ ጋር የሚመጣው ሲሊካ ፕላቲነሙን ነጭ አድርጎ ይደፍነዋል፤ ለሴንሰር ያልተፈቀደ ሲሊኮን ማጣበቂያ በሞተሩ ላይ ሲቀባም እንዲሁ ያደርጋል። የተበላ የፒስተን ፋሻ የሚያሳልፈው ዘይት ፎስፈረሱን ይተውበታል። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በእጃችን ያሉት እያረጁ ስለሚሄዱ፣ ይህኛው ጉዳት የሚበረክት ይመስለኛል። ጥቁር ጥላሸት ብቻ ከሆነ ግን የቤንዚን መብዛቱ ሲታረም በሙቀት ተቃጥሎ ሊለቅ ይችላል፤ ሲሊካ ግን አይለቅም።

ሴንሰሩን የሚያግለው የውስጥ ማሞቂያ ሲበጠስ ነገሩ ቀላል ነው፤ ፊውዙንና የማሞቂያውን ሬዚስታንስ መለካት ይበቃል። ከሴንሰሩ የሚወጣውን ሽቦ በተመለከተ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ብዙ ሴንሰሮች ንጹሑን አየር የሚስቡት በሽቦው ውስጥ ባለው ክፍተት ስለሆነ፣ ሶኬቱን ቅባት መቀባት ወይም ሽቦውን በብየዳ መቀጠል ደኅናውን ሴንሰር ያፍነዋል።

ስለዚህ ከመፍታታችሁ በፊት ሞተሩን በደንብ አሙቁት፤ ነዳጅ ሰጥታችሁ በ2,000 ዙር ግድም ያዙትና የፊተኛውን የዚርኮኒያ ሴንሰር ቮልቴጅ በስካነሩ ተከታተሉ። በፍጥነት እየወጣና እየወረደ ከሆነ ሴንሰሩ ሕያው ነው፤ ታች ተኝቶ ከቀረ ደግሞ በአየር ማስገቢያው እንደ ቤንዚን የሚነድ ጥቂት የካርቡራተር ማጽጃ ንፉበት። ወዲያው ከዘለለ ሴንሰሩን ተዉትና የአየር ፍሳሹን ፈልጉ። ካልተነቃነቀ ፍቱት፤ አዲሱን ከማስገዛታችሁ በፊት ግን የአሮጌውን ጫፍ ቀለም ለባለመኪናው አሳዩት፤ ነጭ ከሆነም የራዲያተሩን ውሃ አብራችሁ ተመልከቱ።