አንድ ሊጥ፣ ሁለት ምጣድ፦ እምነታችን ከየት ይመጣል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ስለ እምነት ነው የማወራችሁ። ስለ ሃይማኖት አይደለም። «ውሻ አይታመንም»፣ «ይሄ ምግብ አይስማማኝም»፣ «ሲመሽ እዚያ ሰፈር አይኬድም» ስለምንለው የየዕለቱ እምነት ነው። ማን አስቀመጠው? መቼ ገባ?

በምጣድ ልጀምር። አዲስ የሸክላ ምጣድ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ አምጥታችሁ በዚያው ሰዓት እንጀራ አትጋግሩበትም። ብትሞክሩ ይይዛል። ሊጡ ይጣበቃል፣ ይቀደዳል። መጀመሪያ መሟሸት አለበት። እሳቱ ይነድዳል፣ ምጣዱ ይግላል፣ የተወቀጠ ጎመንዘር ይነሰነስበታል፣ በጨርቅ ይታሻል። ጭሱ ቤቱን ይሞላዋል። የጎመንዘሩ ቅባት ወደ ሸክላው ይሰርጋል። ደግሞ ይነሰነሳል፣ ደግሞ ይታሻል። ሻካራው ፊት ቀስ እያለ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል፣ ማብረቅረቅ ይጀምራል።

አሁን ከአንድ ቡሃቃ የተቀዳ ሊጥ በሁለት ምጣድ ላይ አፍስሱ። አንዱ በደንብ የተሟሸ፣ ሌላው ገና አዲስ። ሊጡ አንድ ነው። እሳቱ አንድ ነው። የጋጋሪዋ እጅም አንድ ነው። ግን ከአንዱ ዓይኑ የፈካ እንጀራ ይወጣል፣ ከሌላው ፍርፍር።

ሊጡ ዓይናችን፣ ጆሯችን፣ አፍንጫችን፣ ምላሳችንና ቆዳችን የሚያመጡልን ነው። ምጣዱ እስከዛሬ የኖርነው ኑሮ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ የተሟሸ ምጣድ ላይ የቱ ጎመንዘር የቱ ጋ እንደሰረገ ማየት አትችሉም። ፊቱን ብቻ ነው የምታዩት። እኛም «ውሻ አይታመንም» ስንል የቱ ውሻ፣ በስንት ዓመታችን፣ ማን ሲጮህ ሰምተን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አናስታውሰውም። ልምዱ ከውስጥ ሰርጓል፣ እምነቱ ከላይ ያብረቀርቃል። ይህን ምሳሌ በጣም ነው የምወደው።

ወደ ሳይንሱ። አንጎል ከስሜት ሕዋሳት የሚደርሰው መረጃ ጎደሎ ነው፤ የጎደለውን ከልምድ ይሞላል። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ይህንን በ19ኛው ክፍለ ዘመን «ሳይታወቀን የምንደርስበት ድምዳሜ» ብሎታል። መረጃው ጥርት ሲል ልምድ ወደኋላ ይላል። መረጃው ብዥ ሲል ልምድ ይፈርዳል። በቃ፣ ዋናው ይህ ነው። የአንጎልን ነገር በሌላ ቪዲዮ በደንብ ስላየነው አልደግመውም።

[ምስል፦ ቀሚሱ]

ይህን ቀሚስ አስታወሳችሁት? በ2015 እ.ኤ.አ. ዓለምን ለሁለት የከፈለው ፎቶ ነው። ግማሹ ሰማያዊና ጥቁር ነው አለ፣ ግማሹ ነጭና ወርቃማ። ቀሚሱ በእውነት ሰማያዊና ጥቁር ነው። ፎቶው ላይ ግን ብርሃኑ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ፓስካል ዋሊሽ የተባለ ተመራማሪ ብዙ ሺህ ሰዎችን ጠይቆ ሲያይ፣ ጠዋት በጊዜ የሚነሱ ሰዎች ነጭና ወርቃማ ወደማየቱ ያደላሉ። አምሽተው የሚተኙት ደግሞ ወደ ሰማያዊና ጥቁር። የእሱ ማብራሪያ፣ የለመድነው ብርሃን ነው የሚል ነው፤ የቀን ብርሃን የለመደ አንድ ነገር ይገምታል፣ የአምፖል ብርሃን የለመደ ሌላ። አስቡት፤ የእንቅልፍ ልማድ ቀለም ሲያስቀይር!

እሺ፣ እዚህ ላይ ልቁም። ባለፈው ቪዲዮ ሥር «እኔ ዓይኔ ያየውን ነው የማምነው፣ ዓይን አይዋሽም» ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ይህ አስተያየት ደጋግሞ ስለሚመጣ ዛሬ በደንብ እንየው። ዓይን አይዋሽም ይሆናል። ግን ብቻውን ሁሉን አይነግረንም።

በ1688 እ.ኤ.አ. ዊልያም ሞሊኑ የተባለ የደብሊን ሰው ለፈላስፋው ጆን ሎክ ደብዳቤ ጻፈ። የሞሊኑ ሚስት ዓይነ ስውር ነበረች፤ ነገሩ ቤቱ ድረስ የገባ ነው። ጥያቄው እንዲህ ነው። ሲወለድ ጀምሮ የማያይ ሰው ኳስንና ባለ አራት ማዕዘን ኩብን በእጁ ዳስሶ ይለያል። ይህ ሰው ድንገት ዓይኑ ቢበራ፣ ሳይነካቸው፣ በማየት ብቻ የቱ ኳስ የቱ ኩብ እንደሆነ ያውቃል? ሞሊኑ አያውቅም አለ። ሎክም ተስማማ። ክርክሩ ግን ከ300 ዓመት በላይ ቀጠለ።

መልስ የተገኘው ሕንድ ውስጥ ነው። የአንጎል ተመራማሪው ፓዋን ሲንሃ የጀመሩት ፕሮጀክት ፕራካሽ ሳያዩ የተወለዱ ልጆችን ያሳክማል። ከ8 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው 5 ልጆች ከቀዶ ሕክምናቸው በኋላ ወዲያው ተፈተኑ፤ ውጤቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ታተመ። ያዩትን ካዩት ጋር ያዛምዳሉ። የዳሰሱትን ከዳሰሱት ጋር ያዛምዳሉ። በእጃቸው የዳሰሱትን በዓይናቸው ለይተው ማውጣት ግን አቃታቸው፤ ከግምት ብዙም አልተሻሉም። ከዚያስ? ማንም ሳያስተምራቸው፣ እያዩና እየነኩ ሲውሉ፣ በቀናት ውስጥ ተሻሻሉ።

ዓይናቸው በርቷል። ማየትን ግን ገና እየተማሩ ነበር። ታዲያ «በዓይኔ አየሁ» ስንል፣ አብሮን ያየ ስንት የኖርነው ነገር አለ!

«ምችም ተረት ነው ልትለን ነው?» ያላችሁም አላችሁ። አልልም። ይህን ጉዳይ በንቀት ሲያልፉት ያናድደኛል። እናቶቻችን ያዩትን አይተዋል። ሰው ፀሐይ ላይ ይውላል፣ ያተኩሰዋል፣ ከንፈሩ ላይ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ ቁስሎች ይወጣሉ። ሐኪም የከንፈሩን ቁስል የሄርፒስ ቫይረስ ነው ይላችኋል። ብዙ ሰው በልጅነቱ ይይዘዋል፣ ነርቭ ውስጥ አድፍጦ ይቀመጣል፣ ኃይለኛ ፀሐይና ትኩሳት ይቀሰቅሱታል።

አያችሁ? ፀሐይዋን በትክክል ይዘዋታል! ቫይረሱ ግን አይታይም፣ አይሸትም፣ አይዳሰስም። ስለዚህ ክፍተቱ በሚታወቅ ነገር ተሞላ፤ በሽታ አምጪው ጠረን ሆነ። «በልተህ ሳትታጠብ ፀሐይ ላይ ወጣህ!» ዳማከሴ ይታሻል፣ ይሸተታል፣ ጭማቂው ይጠጣል። ቁስሉ ብዙ ጊዜ በራሱም ይድናል። ቅጠሉ ምንም አይሠራም ማለቴ አይደለም፤ ግን የልጁ መዳንና የዳማከሴው ሽታ አንድ ላይ ትዝታ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ያንን ልጅ በወረቀት ልታሳምኑት አትችሉም። አፍንጫው ምስክር ነው። ሐኪሙም ቢሆን መጀመሪያ «ፀሐይዋን አውቃችኋል» ቢል ሰው ይሰማዋል ብዬ አምናለሁ።

የሚቀጥለው ቪዲዮ ስለ ምላስ ነው። አንድ ቀን አሟችሁ፣ ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ማየት የማትፈልጉት ምግብ የለም? በ1955 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ጆን ጋርሲያ ለአይጦች ጣፋጭ ውኃ አጠጥቶ፣ በጨረር ሲያማቸው፣ ውኃውን እርም እንዳሉት አሳይቷል። እሱን በሰፊው እናየዋለን። እናንተ የቱን ምግብ እንደተዋችሁ ከሥር ጻፉልኝ፤ ጥቂቶቹን አነብላችኋለሁ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ደወሏንም ንኳት። ቸር ሰንብቱ።