የወሊድ ፈቃድ፦ ለከተማ ምክር ቤት የቀረው ጥያቄ የትኛው ነው?

[ምስል፦ ደሴ፣ ፒያሳ፣ የሥራ መግቢያ ሰዓት]

ተራኪ፦ በአሜሪካ የአንድ ከተማ ምክር ቤት ለማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች ደመወዝ የሚከፈልበት የወላጅነት ፈቃድ ይሰጥ ወይስ ይቅር ብሎ ሲከራከር፣ ወሬውን ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሆኖ የሚሰማ ሰው መገረሙ አይቀርም። የዚያ አገር ፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. በ1993 የፈቀደው 12 ሳምንት የሥራ መደቡን ያስጠብቃል እንጂ ደመወዝ አያስከፍልም፤ የፌዴራሉ መንግሥት ሠራተኞች እንኳ ከነደመወዛቸው 12 ሳምንት ማረፍ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ስለዚህ ለከተማ ሠራተኞች እንዲከፈል ሲፈለግ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ በምክር ቤቱ ድምፅ ላይ ይወድቃል።

በእኛ አገር ይህ ጥያቄ ከላይ ተመልሷል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጎ፣ የፈቃዱን ርዝመት ለዝርዝር ሕግ ትቶታል።

[ምስል፦ የቀን መቁጠሪያ]

ርዝመቱም ሲለዋወጥ ቆይቷል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ይሰጥ ነበር፤ የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1156 የኋለኛውን ወደ 90 ቀን አሳደገው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞችም በ2010ሩ አዋጅ ቁጥር 1064 ተመሳሳይ ጭማሪ አግኝተዋል። የ30 ቀኑ ልዩነት ትንሽ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በክርስቲያኑ ቤት ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ በመሆኑ፣ በቀድሞው ስሌት እናቲቱ ልጇ ክርስትና ሳትነሣ ወደ ሥራ ትመለስ ነበር።

የአባት ፈቃድ ግን እንደ አሠሪው ሲለያይ ቆይቷል። በ2017 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ የተተካው አዋጅ ቁጥር 1064 ለአባት 10 የሥራ ቀናት ይሰጥ የነበረ ሲሆን፣ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ የሚተዳደርበት አዋጅ ቁጥር 1156 የሚፈቅደው 3 ቀን ብቻ ነው። ሙስሊም አባት የልጁን አቂቃ በሰባተኛው ቀን ለማረድ ቢያስብ፣ ያ ቀን ሲደርስ ፈቃዱ አልቆ ይጠብቀዋል። በእኔ እይታ ይህ ልዩነት ምክንያት ሊቀርብለት የሚችል አይደለም፤ አራስ ቤት ውስጥ ያለው ሥራ አባትየው በማን ስለተቀጠረ አይቀንስምና።

[ምስል፦ የአገልግሎት መስኮትና ወረፋ]

እንግዲህ መብቱ በሕግ ከተወሰነ ለከተማ ምክር ቤት ምን ቀረው? የቀረው ገንዘቡ ነው፤ እሱም ብዙዎች እንደሚያስቡት የአራሷ ደመወዝ አይደለም። የእሷ ደመወዝ ሐምሌ 1 በሚጀምረው በጀት ውስጥ አስቀድሞ ተይዟል፤ ብትሠራም ብትወልድም ይከፈላል። አዲስ ወጪ የሚመጣው ሥራዋን የሚሸፍን ሰው ሲያስፈልግ ነው። ለወር የሚደርስ ሪፖርት የምታዘጋጅ ባለሙያ ስትወልድ ጓደኞቿ ተከፋፍለው ሊሠሩላት ይችላሉ። መስኮት ላይ ብቻዋን ባለጉዳይ የምታስተናግድ ሠራተኛ ግን ተተኪ ካልተመደበላት ባለጉዳዩ ለአራት ወር «ነገ ተመለሱ» እየተባለ ይመላለሳል። እሳት አደጋ ላይም ፈረቃ ክፍት መተው አይቻልምና፣ በተተኪ ደመወዝ ወይም በትርፍ ሰዓት ክፍያ መሸፈን ግድ ይሆናል።

ለዚህ የተያዘ የበጀት መደብ ከሌለ ሸክሙ በተደራቢነት በሚሠሩት ባልደረቦች ላይ ያርፋል። ጉርምርምታው ከዚያ ይጀምራል፤ ቀስ በቀስም በዕድገትና በምደባ ጊዜ፣ ማንም በጽሑፍ ሳያሰፍረው፣ ገና የምትወልድ ሴትን ወደ ጎን የመተው ልማድ ይከተላል።

ሌላም ቅሬታ የሚያስነሣ ነገር አለ። በማኅበር ተደራጅተው ጎዳና የሚጠርጉና ቆሻሻ የሚሰበስቡ ሴቶች ከተማዋን ቢያገለግሉም፣ የከተማ አስተዳደሩ ቅጥር ሠራተኞች ስላልሆኑ በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ የሚገኘው ፈቃድ እነሱን አይሸፍንም። ምክር ቤቱ ከማኅበራቱ ጋር በሚገባው ውል ላይ የወሊድ ጊዜ ክፍያን የሚመለከት አንቀጽ እንዲገባ መጠየቅ ግን ይችላል።

[ምስል፦ የሕፃናት ማቆያ ክፍል]

ከ90 ቀኑ በኋላ ያለውም ጊዜ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመክራል፤ ፈቃዱ የሚያልቀው በግማሹ ነው። አዋጅ ቁጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ማዘዙም ለዚሁ ነበር። የከተማ ምክር ቤት ለማቆያ በጀት ሲያጸድቅ ቦታውንም አብሮ ማየት ይኖርበታል፤ በዋናው መሥሪያ ቤት ግቢ የተከፈተ ክፍል ከከተማው ዳር ቀበሌ ለምትሠራ እናት፣ ለአንድ ማጥባት ሁለት ጊዜ ታክሲ መሳፈር ማለት ነው።