እማማ ቁጡም ነበረች

ሀ፦ ሰላም ሰላም! ተመልሰናል። ዛሬ ስለ አያቶች ነው የምናወራው። በተለይ ካለፉ በኋላ እንዴት እንደምናስታውሳቸው። ያንተ አያት አሉ አይደል?

ለ፦ አለች፣ ተመስገን። ያንቺን አያት እማማን ግን... ነፍስ ይማር።

ሀ፦ አሜን። እኔን የከነከነኝ ምን መሰለህ፣ የሕይወት ታሪኳ ሲነበብ ነው። ተወለደች፣ አገባች፣ ልጆች ወለደች፣ ደግ ነበረች፣ ታጋሽ ነበረች፣ አለቀ። ስሟን አውጥተህ የማንንም አያት ስም ብታስገባበት ልክ ይመጣል። ደግሞ ታጋሽ! እማማ?

ለ፦ (ሳቅ) እሳቸውማ ቁጡ ነበሩ። እኔንም አንዴ አባረውኛል እኮ።

ሀ፦ ወንበሯ ላይ ተቀምጠህ ነዋ! ዕቃዋ ከቦታው ከተነሳ አለቀልህ። መነጽሯን ታስታውሳለህ? ጆሮ ላይ የሚውለው ዘንጉ ተሰብሮ በጥቁር ክር ጠምጥማው፣ ክሩ ሲላላ በጥርሷ ጠበቅ እያደረገች ታነብበታለች። አዲስ ተገዝቶላታል እኮ! ሳጥን ውስጥ ቆልፋበት "ለእንግዳ ጊዜ" ትላለች። መነጽር ለእንግዳ!

ለ፦ እሺ፣ ግን በዚያ ሰዓት ሌላ ምን ይባላል? ሰው ሲሞት መልካሙ ነው የሚወራው። ቁጣቸውን ብታነቢ እናትሽ ምን ይሰማቸዋል?

ሀ፦ እናቴ ናት መጀመሪያ የሳቀችው! ክፉዋን አውሩ አላልኩም። ግን ቁጣዋን ከታሪኳ ስትሰርዘው ደግነቷም ዝም ብሎ ቃል ይሆናል። ያቺ የምትቆጣው ሴትዮ ናት ሌሊት ተነስታ ብርድ ልብስ የምትደርብልን፣ ያውም እያጉረመረመች።

ለ፦ እዚህ ላይ እስማማለሁ። ሌላው ደግሞ እኛ የምናውቃቸው አያት ከሆኑ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ስንት ዘመን ኖረዋል።

ሀ፦ በትክክል! የልጅነት ጓደኛዋ መጥተው ምን አሉን መሰለህ፣ እማማ በሩጫ ወንዶቹን ትቀድም ነበር። እኔ የማውቃት በምርኩዝ ነው! ስትሮጥ ለማሰብ ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። ደግሞ ጓደኛዋ የሚጠሯት በሌላ ስም ነው፣ እኛ ቤት ማንም የማያውቀው የቁልምጫ ስም። ስለዚህ አያቱን ማወቅ የፈለገ ሰው እህት ወንድሞቿን፣ ጎረቤቷን፣ ካለ ደግሞ የተጣላችውን ሰው ሳይቀር ይጠይቅ።

ለ፦ የተጣላችውን! (ሳቅ) በሕይወት ካሉ ግን ራሳቸውን መጠየቅ ነው። የማስታወስ ችሎታን የሚያጠኑ ሰዎች ደጋግመው ያዩት ነገር አለ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ስለ ሕይወታቸው ሲጠየቁ በብዛት የሚመጣላቸው ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው የሆነው ነው። አንዱ ምክንያት ያኔ ብዙው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሆን መሆኑ ነው ይላሉ።

ሀ፦ ለዚህ ነዋ ያንኑ ታሪክ የሚደግሙልን።

ለ፦ እና ሰዉ "ጃጁ" ይላል። ሮበርት በትለር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ግን በ1963 እንደ ፈረንጆቹ ጽፎበታል። ያለፈን ሕይወት እያነሱ መመርመር የእርጅና ተፈጥሯዊ ሥራ ነው፣ የመጃጀት ምልክት አይደለም ብሎ። ስለዚህ ያንኑ ታሪክ ሲጀምሩ መሃል ገብቶ መጠየቅ ነው። ማን ነበር አብሮሽ? ምን ለብሰሽ ነበር? ከዚያስ ማን አኮረፈ? ታሪኩ ያው ነው ስትይ አዲስ ሰው ብቅ ይላል።

ሀ፦ ደግሞ ይቀዳ! ስልክ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ አስፈቅዶ። እንደ ጋዜጠኛ መሆን አያስፈልግም፣ አንድ አሮጌ ፎቶ ያዝ አድርጎ "ይሄ ማነው?" ማለት ይበቃል። ቅጂውን ግን ስልክ ላይ ብቻ አትተዉት፣ ስልክ ይጠፋል። ሁለት ሦስት ቦታ ይቀመጥ። ፎቶው ጀርባ ላይም ስም ጻፉ፣ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ። የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ምስሉ ያልፋል።

ለ፦ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ምስጢር ቢነግሩሽስ? ለምሳሌ ቤተሰቡ የማያውቀው የመጀመሪያ ትዳር።

ሀ፦ እሱን አላወጣም።

ለ፦ አየሽ! ሙሉዋን ሰው ስትይ አልነበር?

ሀ፦ ሙሉዋን ማወቅ ሌላ፣ አደባባይ ማውጣት ሌላ። አደራ ብላ የነገረችህን እሷ ስለሞተች ለሰው አትበትነውም። እኔ ጋር ይቆይ።

ለ፦ እኔ እንኳን ለልጆቿ መነገር አለበት ባይ ነኝ። እንለያይ እዚህ ላይ።

ሀ፦ እንለያይ። አንተ ግን ቅዳሜ አያትህ ጋ ስትሄድ "ሕይወትሽን ንገሪኝ" እንዳትላቸው፣ ከዚያ "ምን ሕይወት አለኝ" ብለው ይዘጉታል።

ለ፦ ምን ልበላት ታዲያ?

ሀ፦ በልጅነትሽ ከማን ጋር ነበር የምትጣዪው በላቸው።

ለ፦ ኧረ ለዚያ ቅዳሜ አይበቃም! እሁድንም ልጨምር።