ውሃ ማስገባቱ አይደለም፣ ማስወጣቱ ነው ጭንቁ

[ካርታ፦ የአባይ ዴልታ ከላይ ሲታይ]

እኛ አባይን ስናነሳ ብዙ ጊዜ መነሻው ላይ ነን። ጣና፣ ጢስ አባይ፣ ግድቡ። ዛሬ እስከ መጨረሻው እንውረድ። ወንዙ ካይሮን እንዳለፈ ለሁለት ይከፈልና አንዱ በረሺድ፣ ሌላው በዲምያጥ በኩል ሜዲትራኒያን ይገባል። በሁለቱ መካከልና በግራ ቀኝ ያለው ለጥ ያለ መሬት ነው ዴልታው። ዳርቻው ከእስክንድርያ እስከ ፖርት ሰዒድ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ሰሜኑ ጫፍ፣ ከፍር ኤል ሼክ በሚባለው አካባቢ፣ ከባሕር ጠለል 1 ሜትር እንኳ ከፍ የማይሉ ሰፋፊ ማሳዎች አሉ። እዚያ ገበሬ ብትሆኑ ውሃ ማግኘት አንድ ነገር ነው። ከማሳው የሚወጣበትን መንገድ ማግኘት ግን ሌላ ነው፣ የባሰውም እሱ ነው።

[ሥዕል፦ ማሳው በጎን ተቆርጦ]

ምክንያቱ ይሄ ነው። ከማሳው ሥር፣ ብዙም ሳይርቅ፣ ጨዋማ ውሃ አለ። አፈሩ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ሸክላ ነው። ፀሐዩ ከላይ ሲበረታ አፈሩ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስበው ውሃውን ወደ ላይ ይስበዋል። ውሃው ይተናል። ጨው ግን አይተንም፤ መሬቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ እኛ አገር የለመድነው "መሬቱን ትንሽ ላሳርፈው" የሚባለው ነገር እዚያ አይሠራም። በሙቀቱ ወቅት ደርቆ የከረመ ማሳ ጨው ያወጣል።

የመስኖው ውሃም ቢሆን ባዶውን አይመጣም። በሊትር 0.3 ግራም ጨው ያለው ውሃ እንበል፣ ብትጠጡት ምንም አይሰማችሁም። በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ በ1 ሄክታር ላይ አጠጡ። ስታሰሉት 3,000 ኪሎ ይመጣል። 30 ኩንታል ጨው፣ በየዓመቱ! እሱን ጠራርጎ የሚወጣ ውሃ ከሌለ ሁሉም እዚያው ይጠራቀማል።

ድሮ ክረምት ላይ ጎርፉ ራሱ ያጥበው ነበር። የአስዋን ታላቁ ግድብ በ1970 እ.ኤ.አ. ካለቀ በኋላ ግን ጎርፉ ቀረ፣ ሥራው ሁሉ ወደ ሰው ዞረ።

[ምስል፦ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ቱቦ በመሬት ሲቀበር]

እንግዲህ መፍትሔው ከመሬት በታች ነው። ከ1 ሜትር ትንሽ ዝቅ ብሎ ቀዳዳ ያላቸው ቱቦዎች ይቀበራሉ። ትርፉ ውሃ ጨውን ይዞ ወደ ቱቦው ይሰርጋል፣ ከዚያ ወደ ማፋሰሻ ቦይ ይሄዳል። ችግሩ ቦዩ መጨረሻው ላይ ከባሕሩ ዝቅ ይላል፣ ስለዚህ ውሃው በራሱ አይፈስም። ትላልቅ ፓምፖች እያነሱ በባሕሩ ዳር ወዳሉት ሐይቆችና ወደ ባሕሩ ይደፉታል። ፓምፑ ከቆመ ከሥር ያለው ውሃ ከፍ ይላል፣ የሰብሉ ሥር ይታፈናል፣ ጨውም ተከትሎ ይመጣል።

ሩዝ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። የግብፅ መንግሥት ሩዝ ውሃ ይጨርሳል ብሎ የሚዘራበትን መሬት ይገድባል፣ ከተፈቀደው ውጪ የዘራም ይቀጣል። ለሰሜኑ ገበሬ ግን ሩዝ ምግብ ብቻ አይደለም፤ ማሳው ላይ የተኛው ውሃ ጨዉን ወደ ታች ገፍቶ በቱቦው ያስወጣለታል። እኔ እንደሚመስለኝ በዚህ ጉዳይ ሁለቱም እውነት አላቸው፣ ክርክሩ የማያልቀውም ለዚህ ነው።

ሌላው ጣጣ ተራው ነው። ውሃ በቦይ በፈረቃ ይለቀቃል። ላይ ያሉት ጠጥተው ሲጨርሱ ቦዩ ጫፍ ላይ ላለው የሚደርሰው ጭላጭ ነው፣ እሱ ደግሞ ለባሕሩ የቀረበው፣ ውሃ አብዝቶ የሚያስፈልገው ሰውዬ ነው። ምን ያድርግ? ፓምፑን ማፋሰሻው ቦይ ውስጥ ይጥላል። የሰው እጣቢ ነው፣ ግን ሰብሉ ከሚደርቅበት ይሻለዋል። ይሄ በመንግሥትም ይሠራበታል፤ ወደ ሲና የሚሄደው የሰላም ቦይ የአባይን ውሃ ከማፋሰሻ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ገደማ እየቀላቀለ ነው የሚወስደው።

[ሠንጠረዥ፦ ሰብሎች]

እንዲህ ባለ መሬት ላይ ሰብል መምረጥ ግማሽ ሥራ ነው። የአፈር ጨው የሚለካው በዴሲሲመንስ በሜትር ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ጨው በዛ ማለት ነው። ፎሶሊያ 1 ካለፈ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል፣ በቆሎ 1.7፣ ሩዝ 3። ጥጥ እስከ 7.7፣ ገብስ እስከ 8 ይችላል። ፎሶሊያ እምቢ ባለበት ገብስ ዘና ብሎ ይበቅላል።

ታዲያ ይሄ የባሕር ዳር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አዋሽ ላይ፣ መልካ ሰዲና አሚባራ፣ በመስኖ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ብሎ ጥጥ ያበቅል የነበረ መሬት በጨው ምክንያት ተትቷል። ባሕር በአጠገቡ የለም፣ አሠራሩ ግን ያው ነው።

በመስኖ የምታርሱ ከሆነ ማሳችሁ ላይ 1 ሜትር ተኩል የሚሆን ጉድጓድ ቆፍሩና እንዳይደፈን ከድናችሁ ለአንድ ሌሊት ተዉት። ጠዋት ውሃ ካገኛችሁ ከላይ እስከ ውሃው ያለውን ለኩ። ከ1 ሜትር ካነሰ ተጨማሪ የመስኖ ቦይ ለመቅደድ አትቸኩሉ፤ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ማፋሰሻው ላይ አውሉት።